እርግዝናን የሚያቀሉ የዕለት ልማዶች

በእርግዝና ወቅት የሚያስቸግሩ አብዛኞቹ ስሜቶች ከበሽታ የመጡ አይደሉም። ማኅፀን ያድጋል፤ የሆርሞኖች መጠን ከወትሮው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ወሊድ እስኪቃረብ ድረስ ከቀድሞው በግማሽ ያህል ይበዛል። ማቅለሽለሽ፣ ቃር፣ የሆድ ድርቀት፣ የወገብ ሕመም፣ የእግር እብጠትና እንቅልፍ ማጣት ሰውነት ለዚህ ሁሉ ራሱን ሲያዘጋጅ የሚመጡ ናቸው። ተፈጥሯዊ ናቸው ማለት ግን ዝም ብሎ መቻል ይገባል ማለት አይደለም። «እርግዝና እንዲህ ነው፣ ቻዪው» የሚለው ምክር ብዙ ሴቶችን ያለ አስፈላጊ ምክንያት አሰቃይቷል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እውነተኛ የአደጋ ምልክት ሲመጣም እንዲታገሡት አስለምዷቸዋል። አብዛኛው ችግር ከመድኃኒት ይልቅ ውሎን በማስተካከል ይቀላል፦ የሚበላበትን ሰዓትና መጠን፣ የሚጎነበሱበትን መንገድ፣ የሚተኙበትን ጎን በመለወጥ።

ከሁሉ በፊት ክትትል

ማንኛውም የልማድ ለውጥ ከመጀመሩ በፊት ነፍሰ ጡሯ በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ክትትል ትጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ እርግዝና ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር መገናኘትን ይመክራል፤ የመጀመሪያው ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እርግዝናው ገፍቶ እስኪታይ ድረስ ለሰው አለመናገር የተለመደ ስለሆነ ይህ የመጀመሪያ ጉብኝት ወደ ኋላ ይቀራል። ከጎረቤት መደበቁ ምንም አይደለም፤ ከአዋላጅ ነርሷ መደበቁ ግን ይጎዳል። በመጀመሪያው ቀን የሚለካው የደም ግፊት፣ የክብደትና የሄሞግሎቢን መጠን በኋለኞቹ ወራት ራስ ምታት፣ እብጠት ወይም ድካም ሲመጣ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ማነጻጸሪያ ከሌለ ስሜቱ የተለመደ ይሁን አዲስ መለየት ይከብዳል።

በክትትሉ የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ይሰጣል። የዕለቱ መጠን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ነው። ክኒኑ አንዳንዷን ያቅለሸልሻል፤ የሌላዋን ሆድ ያደርቃል፤ የሁሉንም ዓይነ ምድር ሊያጠቁር ይችላል። ጥቁረቱ ጉዳት የለውም። ማቅለሽለሹን ለመቀነስ ክኒኑን ከእራት ጋር ወይም ወደ መኝታ ሲቃረብ መዋጥ ይበጃል። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ሲወሰድ ሰውነት አይረኑን በደንብ ይቀበለዋል፤ ቡና፣ ሻይና ወተት ግን ስለሚያግዱት ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ክኒኑ ከባድ ችግር ከፈጠረ የሚሻለው ለባለሙያ ነግሮ ሰዓቱን ወይም ዓይነቱን ማስለወጥ ነው። ብዙ ሴቶች ለማንም ሳይናገሩ ይተዉትና በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር በደም ማነስ ይደክማሉ።

ሌላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጸናው ልማድ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት አለመግዛት ነው። በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ።

ማቅለሽለሽና ማስመለስ

ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምርና ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ይቀልላል። ስሙ ከጠዋት ጋር ቢያያዝም በማንኛውም ሰዓት ይመጣል። ለረጅም ጊዜ «በሐሳብ የሚመጣ ነው» እየተባለ ተንቋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ከፅንሱና ከእንግዴ ልጁ ወደ እናት ደም የሚገባ ጂዲኤፍ 15 የተባለ ሆርሞን ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝ አሳይቷል። ሴቲቱ ከመፀነሷ በፊት ለዚህ ሆርሞን ያላት ልማድ ዝቅተኛ ከሆነ ማቅለሽለሹ ይበረታል። ስለዚህ የምታስመልስ ሴት ሰነፍ ወይም ቀበጥ አይደለችም፤ ባልና አማት ይህን ማወቃቸው ብቻውን ግማሽ እፎይታ ነው።

የቀኑ የመጀመሪያ እርምጃ ከአልጋ ከመነሣት በፊት ይጀምራል። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ስለሚያባብስ ማታ ከራስጌ ጥቂት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት ይቀመጥ። ነፍሰ ጡሯ ሲነጋ ተኝታ እንዳለች ትንሽ ትቅመስ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትቆይና ቀስ ብላ ትነሣ። ከዚያ በኋላ ምግቡ በሦስት ትልልቅ ማዕድ መሆኑ ቀርቶ በ5 ወይም በ6 ትንንሽ ጊዜ ይከፋፈል፤ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ አንድ ነገር መቅመስ ሆድ ባዶ እንዳይሆን ይጠብቃል። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት፣ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝና አልጫ ወጥ በዚህ ወቅት ከቀይ ወጥ ይልቅ ይስማማሉ። ውሃ ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጠጣት ይልቅ በምግቦች መካከል ጥቂት በጥቂት ቢጠጣ ይሻላል። ትኩስ ምግብ ሽታው የሚረብሻት ሴት ቀዝቅዞ ብትበላው ይቀልላታል።

ሽታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሽንኩርት ቁሌት፣ የላምባ ምድጃ፣ የሚቆላ ቡና ጢስና ዕጣን፣ ከወር በፊት ደስ ይሉ የነበሩ ሁሉ፣ በዚህ ጊዜ ያስመልሳሉ። የሚቻል ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ቁሌቱን ሌላ ሰው ያብስል፤ ካልተቻለ መስኮትና በር ተከፍቶ ወይም ከቤት ውጭ ይሠራ። የተቆረጠ ሎሚ ማሽተት ብዙዎችን ያሳርፋል።

ዝንጅብል በዚህ ጉዳይ በጥናት የተደገፈ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከሚመክራቸው አንዱ ነው። ትንሽ ዝንጅብል ተፍቆ ወይም ተቀጥቅጦ በፈላ ውሃ ይዘፈዘፍና በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ለብ ብሎ ይጠጣል። ቫይታሚን ቢ6ም ይረዳል፤ መጠኑን ግን ባለሙያ ይወስናል።

ዝንጅብል ስላልጎዳ ሌላው ቅጠል ሁሉ አይጎዳም ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት እየተባለ በቡናና በሻይ ይገባል፤ ነገር ግን ማኅፀንን የማኮማተር ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል። ኮሶም እንዲሁ። አብሽ በወጥ ውስጥ እንደ ቅመም ሲገባ ስጋት የለውም፤ ለጨጓራ ተብሎ በብርጭቆ ተዘፍዝፎ በየቀኑ መጠጣቱ ግን መቅረት አለበት። ዳማከሴ ለምች በየቤቱ ይጨመቃል፤ ለፅንስ ምን ያህል እንደሚስማማ በበቂ ሁኔታ ስላልተጠና ትኩሳት የያዛት ነፍሰ ጡር ዳማከሴ ጠጥታ ከመተኛት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ትኩሳቱ ወባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

በቆላማ ወይም ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖር ሴት በአጎበር ውስጥ መተኛትም ከዕለት ልማዶቿ አንዱ ይሁን።

ጾም ከዚህ ርእስ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ሆድ ባዶ አይሁን ከሚለው ምክር ጋር አይሄድም፤ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። ኦርቶዶክሳዊት የሆነች ነፍሰ ጡር እርግዝናው እንደታወቀ ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር ጥሩ ነው፤ ብዙ ካህናት እርጉዝ ሴት ሰዓቱን እንድታሳጥር ወይም እንድትተወው ይፈቅዳሉ። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለፅንሱ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር የረመዳንን ጾም ፈትታ በኋላ ቀዷ ማውጣት ትችላለች። የምግቡን ዓይነት ብቻ የምትጾም ሴት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ለውዝና አትክልት እያፈራረቀች በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ብትጨምር ትበረታለች።

አምሮትም እዚህ ላይ ይነሣል። አንዷ ጎምዛዛ፣ ሌላዋ ቆሎ ቢያምራት ችግር የለውም። አፈር፣ ከሰል ወይም አመድ የሚያምራት ሴት ግን ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ያለባት ስለሆነ ደሟ ይታይ፤ አፈሩ ራሱ የአንጀት ትል እንቁላል ይይዛል፣ አይረንንም ያግዳል። አንዳንድ ቦታ ወተት፣ ማር፣ ሙዝ ወይም ተልባ ፅንሱን ያወፍራል፣ ገላው ላይ ይለጠፋል እየተባለ ይከለከላል። ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ከማንኛውም ምግብ የመጣ ሳይሆን ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው መከላከያ ነው። የተፈላ ወተት ለነፍሰ ጡር ይጠቅማል፤ መቅረት ያለበት ያልፈላው ወተትና ጥሬ ሥጋው ነው።

ለ24 ሰዓት ውሃ እንኳ ሆድ ውስጥ የማይቆይላት፣ ሽንቷ የጠቆረ ወይም የቀነሰ፣ ስትነሣ የሚያዞራት፣ ክብደቷ የሚቀንስ ወይም ደም የምታስመልስ ሴት ግን ከልማድ ማስተካከል አልፋለችና በዚያው ቀን ሕክምና ትሻለች። የደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልጋት ይሆናል።

ቃር

ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለውን ጡንቻ ያላላዋል፤ በኋለኞቹ ወራት ደግሞ ማኅፀን ጨጓራን ወደ ላይ ይገፋዋል። አሲዱ ወደ ደረት ሲወጣ ቃር ይሆናል። የሕፃኑ ፀጉር ሲበዛ ቃር ይበዛል የሚለው ወሬ በየቤቱ አለ፤ እናቲቱን ግን የሚያሳርፋት ሌላ ነገር ነው።

እራት ከመኝታ በፊት ቢያንስ 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላ፤ መጠኑም ከምሳ ያነሰ ይሁን። በርበሬ የበዛበት፣ ዘይት ወይም ቅቤ የተንሳፈፈበት ወጥ፣ ሚጥሚጣ፣ ለስላሳ መጠጥና ቡና ቃርን ያባብሳሉ፤ የትኛው እንደሚያባብስባት እያንዳንዷ ሴት በጥቂት ቀን ልትለየው ትችላለች። ከምግብ በኋላ ጋደም ከማለት ይልቅ ቁጭ ብሎ መጨዋወት ወይም በዝግታ መራመድ ይሻላል። ሲተኙ ከወገብ በላይ ያለው አካል ከፍ እንዲል ከፍራሹ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ማድረግ ከትራስ መደራረብ ይበልጣል፤ የተደራረበ ትራስ አንገትን ብቻ አጥፎ ሆድን ይጫናል። በግራ ጎን መተኛት አሲዱ እንዳይመለስ ይረዳል። ሆድን የሚያጠብቅ ልብስና አጥብቆ የታሰረ መቀነት ይላላ።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ የአሲድ ማርገቢያ አለና ባለሙያ ይጠየቅ፤ ከአይረን ክኒኑ ቢያንስ 2 ሰዓት ተራርቆ ይወሰዳል። ሶዳ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ግን ጨው ያበዛል፣ እብጠትንም ያባብሳል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ብርቱ ሕመም ቃር ሊመስል ይችላል፤ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተጨመረበት የደም ግፊት ምልክት ስለሆነ ለነገ አይባልም።

የሆድ ድርቀትና ኪንታሮት

አንጀት በእርግዝና ወቅት በዝግታ ይሠራል፤ አይረኑም ይጨምርበታል። መፍትሔው ሦስት ነገሮችን በአንድነት መያዝ ነው፦ ውሃ፣ አሰር ያለው ምግብና እንቅስቃሴ። አንዱ ብቻውን አይሠራም፤ በተለይ ብዙ አሰር በልቶ ውሃ አለመጠጣት ድርቀቱን ያጠነክረዋል። በቀን ከ8 እስከ 10 ብርጭቆ ፈሳሽ ይጠጣ። የጤፍ እንጀራ፣ ያልተፈተገ ስንዴ ወይም ገብስ ዳቦ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ጎመን፣ በደንብ የበሰለ ፓፓያ፣ ብርቱካንና አቮካዶ በየቀኑ ቢፈራረቁ ይጠቅማሉ። ስሜቱ እንደመጣ ሳይዘገዩ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ሳያምጡና ሳይቸኩሉ መቀመጥ ልማድ ይሁን። ዘመናዊ መቀመጫ የምትጠቀም ሴት እግሯን ትንሽ በርጩማ ላይ ብታሳርፍ ይቀላታል። ጉሎ ዘይት በምንም መልኩ አይጠጣ፤ ማኅፀንን ያኮማትራል።

ኪንታሮት ከዚሁ ይወለዳል። ለብ ባለ ውሃ በሳፋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ደም ካለ ግን ከኪንታሮት መሆኑን ባለሙያ ያረጋግጥ።

ድካምና ማዞር

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚመጣው ድካም ከእንቅልፍ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት መተኛት ስንፍና አይሆንም። ከአራተኛው ወር በኋላ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ወይም ትንሽ ዳገት ሲወጡ ልብ የሚመታና ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ የደም ማነስ ይመርመር።

በእርግዝናው አጋማሽ የደም ግፊት ትንሽ ዝቅ ስለሚል በድንገት መነሣት ያዞራል። ከአልጋ ሲነሡ በመጀመሪያ በጎን መዞር፣ ቀጥሎ እግርን አውርዶ ቁጭ ማለት፣ ጥቂት ቆይቶ መቆም ይገባል። ረጅም ሰልፍ፣ ቅዳሴና ለቅሶ ቤት ላይ ለረጅም ጊዜ መቆምም ያዞራል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነፍሰ ጡር ብትቀመጥ የሚከፋ ሰው የለም፤ መቆም የምትፈልግም በመቋሚያ ደገፍ ትበል።

ቡና ለደከመው ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ቢመስልም መጠኑ ይገደብ። ብዙ የሕክምና ተቋማት በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን በላይ እንዳይወሰድ ይመክራሉ። አቦል፣ ቶናና በረካ ጠዋትም ከሰዓትም የምትጠጣ ሴት ይህን በቀላሉ ታልፋለች። ከቡናው ሥነ ሥርዓት መቅረት አያስፈልግም፤ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ቀሪውን በውሃ ወይም በቀጭን ዝንጅብል ሻይ መተካት ይበቃል። ሰዓቱም ከምግብና ከአይረን ክኒን ይራቅ። ጫት፣ ሲጋራና አልኮል፣ ጠላና ጠጅም ሳይቀሩ፣ በእርግዝና ወቅት የሚፈቀድ መጠን የላቸውም።

ወገብና ዳሌ

ሆድ ወደ ፊት ሲያድግ የሰውነት ሚዛን ይለወጣል፤ ሴቲቱ እንዳትወድቅ ጀርባዋን ወደ ኋላ ትለጥጣለች፤ የወገብ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ይውላል። በተጨማሪ ዳሌን የሚያያይዙ ጅማቶች ለወሊድ እየላሉ ስለሚሄዱ መገጣጠሚያው ይታመማል።

በኢትዮጵያ ይህን የሚያባብሰው የሥራው ዓይነት ነው። 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባ ማዘል፣ እንጨት ለቅሞ መሸከም፣ ተጎንብሶ መጥረግ፣ መሬት ላይ ባለ ምጣድ ለሰዓታት እንጀራ መጋገር፣ በሳፋ ልብስ ማጠብ፤ ለእነዚህ ሁሉ ወገብ ይታጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ሸክሙን ከእሷ ላይ ማውረድ ነው፤ ይህም የባል፣ የልጆችና የዘመድ ሥራ ነው። ውሃውን ሌላ ሰው ይቅዳ። ሌላ ሰው ከሌለ 20 ሊትሩ በ5 ሊትር እየተከፋፈለ፣ በሁለት እጅ ተመጣጥኖ ይያዝ፤ በጀርባ አይታዘል።

ዕቃ ከመሬት ሲነሣ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ በእግር ኃይል መቆም ያስፈልጋል። ምጣዱና ሳፋው ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቀመጡ፤ እጀታው የረዘመ መጥረጊያ ይገዛ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የሚሠራ ከሆነ አንዱን እግር በትንሽ ዱካ ላይ እያፈራረቁ ማሳረፍ የወገብን ጫና ይቀንሳል። ስትቀመጥ ከወገቧ ጀርባ ትንሽ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ ታድርግ። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ይቅር፤ ፈጽሞ ስስ የሆነ ነጠላ ጫማም እግርን ስለማይደግፍ ለረጅም መንገድ አይመረጥም። መቀነት ከሆድ ሥር ደገፍ እንዲያደርግ ላላ ተደርጎ ቢታሰር አንዳንድ ሴቶችን ያሳርፋል።

እንቅስቃሴ ሕመሙን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ለሆነች ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት 5 ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ እየተነጋገሩ ሊሄዱ በሚችሉት ፍጥነት መራመድ ማለት ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ቀላል እንቅስቃሴ አለ፦ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ ጀርባን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማጉበጥ፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቀጥተኛ ቦታው መመለስ፣ ይህንንም 10 ጊዜ ያህል መደጋገም። ጀርባ ወደ ታች እንዲሰረጉድ መተው ግን አይገባም። ደም የሚፈስሳት፣ የደም ግፊት ያለባት ወይም ያለ ጊዜዋ ምጥ የሚያሰጋት ሴት ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

ለወገብ ሕመም ወይም «ልጁን ለማስተካከል» ሆድን ማሳሸት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ይህ መቆም ያለበት ልማድ ነው፤ የእንግዴ ልጁን ከማኅፀን ሊያላቅቅ ይችላል። ትከሻን፣ የላይኛውን ጀርባና እግርን በዝግታ ማሸት ግን ያሳርፋል። የወገቡ ሕመም እየሄደ እየተመለሰ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ወይም ከትኩሳትና ሽንት ሲሸኑ ከማቃጠል ጋር ከመጣ ምርመራ ያሻዋል።

እግር

በኋለኞቹ ወራት ሌሊት ባት በድንገት ሸምቅቆ ይይዛል። በዚያች ቅጽበት እግርን ዘርግቶ ጣቶችን ወደ ጉልበት አቅጣጫ መሳብ ጡንቻውን ይፈታዋል፤ ጣቶችን ወደ ታች መግፋት ግን ያባብሰዋል። ከዚያ ተነሥቶ ጥቂት መራመድና ባቱን ማሸት ቀሪውን ሕመም ያስወግዳል። ከመኝታ በፊት ግድግዳ ተደግፎ ባትን መዘርጋት ሽምቀቃውን ሊያሳንሰው ይችላል።

አመሻሽ ላይ ቁርጭምጭሚት አብጦ ሲነጋ ከጎደለ ብዙ ጊዜ የማያሳስብ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እግርን ከፍ አድርጎ ለ15 ደቂቃ ማረፍ፣ እግርን አነባብሮ አለመቀመጥ፣ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ሳይቆሙ መንቀሳቀስ፣ እግርን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ መንከር ይረዳሉ። ውሃ መቀነስ እብጠትን አያጠፋም። የደም ሥር ለተገተረባት ሴት ጠዋት ከመነሣቷ በፊት የሚደረግ ጠበቅ ያለ ካልሲ ይጠቅማል።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ቢቀላ፣ ቢሞቅና ቢታመም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጡ፣ ቀለበት ሲጠብቅ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ ሲመጣ ደግሞ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ይጠረጠራል። በሽታው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ የደም ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ካልታከመ ወደ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ይህ ሌሊትም ቢሆን የሚያስነሣ ጉዳይ ነው። ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የማይለቅ የሆድ ሕመምና የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆምም እንዲሁ ናቸው።

ሽንት፣ ፈሳሽና ድድ

ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ በመጀመሪያ ከኩላሊት ሥራ መጨመር፣ በኋላ ከማኅፀን ጫና የተነሣ ነው። ሽንትን መያዝም ውሃን መተውም ኢንፌክሽን ይጋብዛል፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ መቀነስ ይቻላል። ስታስነጥስ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ሽንት ለማቋረጥ እንደሚደረገው የታችኛውን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል አጥብቃ ትልቀቅ፤ በአንድ ጊዜ 10፣ በቀን 3 ጊዜ። ነጭ፣ ቀጭንና ሽታ የሌለው ፈሳሽ የተለመደ ነው፤ ከሸተተ፣ ካሳከከ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ይታይ። ድድ ሲደማ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በደንብ የለሰለሰ መፋቂያ መጠቀም እንጂ ማፅዳቱን መተው አይገባም።

እንቅልፍ

ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን መተኛት ይመረጣል። በጀርባ ሲተኙ ማኅፀን ከታችኛው አካል ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናል፤ ለፅንሱ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። አንድ ትራስ በጉልበቶች መካከል፣ ሌላ ትንሽ ነገር ከሆድ ሥር ማድረግ ወገብንም ያሳርፋል፤ ትራስ ከሌለ የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። ሌሊት በጀርባዋ ሆና የነቃች ሴት አትደንግጥ፤ ዞራ ትተኛ። ጭንቀት እንቅልፍ የነሣት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለማቋረጥ የምታዝን ወይም ምንም የማያስደስታት ከሆነ ይህንንም ለአዋላጅ ነርሷ ትናገር፤ የሚታከም ሕመም ነው።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት

ወደ መጨረሻ ሆድ አልፎ አልፎ እየጠነከረ ይለቃል። ሰዓቱ የማይስተካከል፣ ውሃ ሲጠጡ፣ ሲያርፉ ወይም አቀማመጥ ሲለውጡ የሚተው ከሆነ ሰውነት መለማመዱ ነው። እየተቀራረበ፣ እየረዘመና እየበረታ የሚሄድ፣ ዕረፍትም የማያቆመው ግን ምጥ ነው። ከ37ኛው ሳምንት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ከዚህ በፊት ባሉት ሳምንታት ቤተሰቡ በየትኛው ተቋም እንደሚወለድ፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ ቤትና ልጆችን ማን እንደሚጠብቅ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚለግስ ይወስን፤ የአካባቢው አምቡላንስ ስልክ በግድግዳ ላይ ይጻፍ። ከጤና ተቋም ርቃ የምትኖር ሴት ብዙ ጤና ጣቢያዎች ባሏቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች ከመውለጃዋ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማ መግባት ትችላለች፤ በአቅራቢያዋ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይህን ታመቻቻለች። ከተማ የምትኖርና የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ አንድ ሰዓት ሲሞላው ትንቀሳቀስ፤ ከዚህ በፊት የወለደች ቀደም ትበል። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም ደም ከታየ ግን ምጥ ባይኖርም ወዲያውኑ ትሂድ፤ የክትትል ካርዷንም ትያዝ።